ርካሽ ኤርፎን፦ ባለ ገመድ ወይስ ብሉቱዝ? አራተኛዬም ሞተብኝ

ግራ የገባው፦
ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ማታ አራተኛው ኤርፎኔ ሞተብኝ። በዓመት ተኩል ውስጥ አራት መሆኑ ነው። ሁለቱ ባለ ገመድ፣ ሁለቱ ብሉቱዝ፤ ሁሉም ርካሽ። በጣም የሚያናድደኝ ሁሌ የሚሞተው የግራው መሆኑ ነው። ቀኙን ምንም አይነካውም። አራት ደህና ቀኝ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶልኛል። ቀኝ ጆሮ ብቻ ያለው ሰው ካለ ይውሰድልኝ።

አሟሟታቸው ይህን ይመስላል። አንደኛው ባለ ገመድ ነው፤ ከፒኑ ስር ገመዱን ጠምዝዤ ካልያዝኩት ግራው አይሰማም። ሁለተኛውም ባለ ገመድ ነው፤ የግራው ድምፅ ቀስ በቀስ እያነሰ ሄዶ አሁን እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ሆኗል። ሦስተኛው ብሉቱዝ፣ ሌሊቱን ኬዙ ውስጥ አድሮ ጠዋት ቀኙ ሙሉ፣ ግራው ባዶ። አራተኛው፣ የትናንቱ ሟች፣ ድምፅ አለው ግን ባስ የሚባል የለውም። ቆርቆሮ ነው።

አጠቃቀሜ፦ መንገድ ላይ ፖድካስትና ዘፈን፣ ሥራ ላይ በላፕቶፕ ስብሰባ፣ ማታ አልጋ ላይ ፊልም። ውድ አልፈልግም። ቢጠፋብኝ እንቅልፍ የማይነሳኝ ዕቃ ነው የምፈልገው። ከርካሾቹ ውስጥ የቱ ያዋጣል? የሞዴል ስም ብቻ እየጠራችሁ አትለፉኝ፤ እንዴት እንደሚመረጥ ንገሩኝ።

ባለ ገመድ፦
ባለ ገመድ ግዛ። ጨረስኩ።

እሺ፣ እንዳትቆጡኝ ላብራራ። በአንድ ዋጋ ሁለቱን ስታወዳድር የብሉቱዙ ገንዘብ ስንት ቦታ እንደሚበተን አስብ። ለግራና ለቀኝ ባትሪ፣ ለኬዙ ሌላ ባትሪ፣ የብሉቱዝ ቺፕ፣ ማይኮች፣ የቻርጅ ሰርኪት፣ ኬዙ ራሱ። ለስፒከሩ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ባለ ገመዱ ላይ ገንዘቡ ስፒከሩ፣ አካሉና ገመዱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ውጪ የሚሄድበት የለም።

ያልከው ነገር ስላለ ሞዴል ለምሳሌ ብቻ ልጥራ። ሙንድሮፕ ቹ፣ ሰቨን ኸርዝ ዜሮ፣ የኬዜድ ልጆች። እነዚህ የቻይና ባለ ገመዶች ከመጡ ወዲህ «ርካሽ ነውና ምን ትጠብቃለህ» የሚለው ወሬ አብቅቷል። ብዙዎቹ ገመዳቸው ይነቀላል። ሲበጠስ ገመዱን ብቻ ትቀይራለህ። ስትገዛ ገመዱ ኤርፎኑ ላይ የሚሰካበት ባለ 2 ፒን 0.78 ሚሊ ሜትር የሚለውን ፈልግ፤ ምትኩ እንደ ልብ የሚገኘው እሱ ነው።

ሽቦ ጠል፦
መጣ ደግሞ ባለ ገመዱ። አንድ ዘፈን ነው የምታውቀው።

እኔ ሦስት ዓመት ባለ ገመድ ተጠቅሜያለሁ። የመጨረሻው ቀን ገመዱ የበር እጀታ ያዘው። እኔ ወደፊት፣ ገመዱ ወደ ኋላ። ስልኬ ከኪሴ ተመዞ ወጥቶ ሲሚንቶ ላይ ተከሰከሰ። ኤርፎኑ ርካሽ ነበር፤ ስክሪኑ ግን አልነበረም። ይሄን ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ ባለ ገመድ አላየሁም።

ደግሞስ ፒኑን የት ልሰካው? አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ክቡን ቀዳዳ ካነሳው በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከትለዋል። አስማሚ መግዛት፣ አስማሚ መሸከም፣ አስማሚ መጣል። ዕቃ ሳጥብ፣ ቤት ስጠርግ፣ ልብስ ሳሰጣ የሚጎትተኝ ነገር አልፈልግም። ድምፁ ትንሽ ቢያንስ ምን ይሆናል? ፖድካስት ነው የምሰማው።

ቁጥር አፍቃሪ፦
አስማሚው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው በጣም የሚሸወድበት ቦታ ነው። ከታይፕ ሲ ወደ ክብ ቀዳዳ የሚቀይሩት አስማሚዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ውስጡ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ አለው። ሌላው ባዶ ሽቦ ነው፤ ስልኩ ራሱ ድምፁን በዚያ ቀዳዳ ካላወጣለት ዝም ይላል። መልካቸው አንድ ነው። ማሸጊያው ላይ «ዳክ» የሚል ካለ የመጀመሪያው ነው። ከሌለ ከመግዛትህ በፊት በራስህ ስልክ ላይ ሰክተህ ሞክር።

የብሉቱዞቹን ማሸጊያ በተመለከተ፣ ግማሹ ቁጥር ለዓይን ነው የተጻፈው።

«ብሉቱዝ 5.3» ማለት ድምፁ ከ5.0 ይበልጣል ማለት አይደለም። የቁጥሩ ዕድገት በአብዛኛው ስለ ግንኙነቱና ስለ ባትሪ ቁጠባ ነው። «13 ሚሊ ሜትር ስፒከር» ማለትም ከ10 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል ማለት አይደለም። ሰፊ ነው ማለት ብቻ ነው። ድምፁን የሚወስነው አሠራሩና ጆሮህ ላይ እንዴት እንደሚገጥም ነው።

ኮዴክ የሚሉትም አለ፤ ድምፁ በብሉቱዝ እንዲያልፍ የሚጨመቅበት ዘዴ ነው። ኤስቢሲ ሁሉም ያለው መነሻ ነው። ኤልዳክ እስከ 990 ኪሎ ቢት በሴኮንድ ይወስዳል፤ ኤስቢሲ ግን ብዙ ጊዜ ከ328 አያልፍም። ትልቅ ልዩነት ይመስላል አይደል? ግን አይፎን ኤልዳክን አይደግፍም፤ ኤስቢሲና ኤኤሲን ብቻ ነው። ስለዚህ አይፎን ይዘህ ለኤልዳክ ብትከፍል ገንዘብህን ነው የበተንከው። አንድሮይድ ይዘህም ጫጫታ መንገድ ላይ በርካሽ ስፒከር ልዩነቱን መለየትህን እጠራጠራለሁ። እኔ ቁጥር እወዳለሁ፣ ግን ይሄኛው ቁጥር ምርጫህን እንዲወስን አልፈቅድለትም።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ከመሀል ገባሁ። ኤኤንሲ እና ኢኤንሲ አንድ አይደሉም እንዴ? የገዛሁት ላይ ኢኤንሲ ይላል፣ ግን የአውቶቡሱን ሞተር እንደ ጉድ እሰማዋለሁ።

ቁጥር አፍቃሪ፦
አይደሉም። አንድ ፊደል ነው የሚለያቸው፣ ሻጮችም ይሄን ያውቃሉ። ኤኤንሲ አንተ የምትሰማውን የውጭ ጫጫታ ይቀንሳል፤ ማይኩ ጫጫታውን ይሰማና ተቃራኒ ሞገድ ያወጣል። ኢኤንሲ ደግሞ ስልክ ስታወራ ሰውዬው ወዲያ ማዶ የሚሰማውን ጫጫታ ነው የሚያጠራው። ለአንተ ጆሮ ምንም አያደርግልህም።

እውነተኛው ኤኤንሲ ቢሆንም ተአምር አትጠብቅ። ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ ላይ ነው ጉልበቱ፤ ሞተር፣ አውሮፕላን፣ ማራገቢያ። የሰው ወሬና የሕፃን ለቅሶ ላይ በተለይ ርካሾቹ ብዙም አይሠሩም። ለእነሱ ጆሮህን በደንብ የሚዘጋ ጎማ ይሻልሃል።

የማታ ተረኛ፦
ግራ የገባው፣ ስብሰባ ያልከውን ልያዘው፤ እኔ እንጀራዬ ስልክ ላይ ማውራት ነው።

በብሉቱዝ ዘፈን እየሰማህ ጥሩ ነው፣ ልክ ስብሰባ ስትገባ ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ይሆናል። አጋጥሞህ አያውቅም? ኤርፎኑ ተበላሽቶ አይደለም። ተራው ብሉቱዝ ጥሩ ድምፅ የሚያወርድበት መንገድና ማይክ የሚሠራበት መንገድ ለየቅል ናቸው። ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ መንገድ ይቀየራል። ሲዲ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። በስልኩ መንገድ 16,000 ጊዜ፣ የድሮው ከሆነ 8,000 ጊዜ ብቻ ነው። ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲሱ የብሉቱዝ ድምፅ አሠራር ይሄን ያስተካክላል፣ ግን ላፕቶፑም ኤርፎኑም ሁለቱም ሊኖራቸው ይገባል።

እኔ የማደርገው ይሄ ነው። የላፕቶፑ የድምፅ ቅንብር ውስጥ እገባለሁ። መስሚያው ኤርፎኑ፣ ማይኩ ግን የላፕቶፑ ይሁን እላለሁ። ድምፁ ወዲያው ይመለሳል። ጫጫታ ያለበት ቦታ ከሆንኩ ግን ባለ ገመድ አደርጋለሁ። የገመዱ ማይክ አፌ አጠገብ ነው የሚንጠለጠለው፤ የብሉቱዙ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ከሩቅ ያዳምጠኛል። ደንበኛ «የት ነሽ፣ ጉድጓድ ውስጥ?» ሲለኝ ነው የተማርኩት።

አንድ ጥንቃቄ፦ የገመዱ ማይክ ኮሌታህ ወይም ፂምህ ላይ እየተፋተገ ከሆነ ሰውዬው የሚሰማው አሸዋ ሲቆፈር ነው።

ግራ የገባው፦
ኧረ ወይኔ! እኔ እኮ የሦስተኛው ድምፅ ስብሰባ ላይ ብቻ የሚበላሸው ላፕቶፔ አርጅቶ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ እያወራሁ ነበር። ቅንብሩን አሁን ቀየርኩት፣ በቀኙ ብቻም ቢሆን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። እግዜር ይስጥሽ።

ጠዋት ሯጭ፦
ለሚሮጥ ሰው ከሆነ እኔን ጠይቁኝ።

ባለ ገመድ እየሮጥክ ስትሰማ ገመዱ ልብስህ ላይ በነካ ቁጥር ዱብ ዱብ ይላል። ገመዱን ከጆሮህ በላይ አዙረህ ብታወርደው በጣም ይቀንሳል። ጆሮ የሚደፍን ጎማ ካደረግክ ደግሞ የራስህ እርምጃ ጭንቅላትህ ውስጥ ይመታል። እሱ የኤርፎኑ ጥፋት አይደለም፤ ሁለት ጣትህን ጆሮህ ውስጥ ከተህ ብትራመድም ያው ነው።

ላብን በተመለከተ አይፒኤክስ 4 የሚል ፈልግ። ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃ ይችላል ማለት ነው። አይፒኤክስ 7 አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ። ኤክሷ የቆመችው አቧራ ስላልተፈተነ ነው። ማንም የማይነግርህ ነገር ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የኤርፎኑ እንጂ የኬዙ አይደለም። እኔ በላብ የራሰውን እንዳለ ኬዙ ውስጥ ጨምሬ ክዳኑን እዘጋ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የቻርጅ ነጥቦቹ አረንጓዴ ሆኑ። አሁን ቲሸርቴ ላይ ጠርጌ ነው የምጨምረው። ቲሸርቱም ከራሰ በወረቀት።

ሽቦ ጠል፦
ይሄን ያህል ስለ ብሉቱዝ ከተወራ አንድ ነገር ልጠይቅ። የእኔ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አይቆራረጥም። ሰፊ ሜዳ ላይ ስሄድ ግን ይቆራረጣል። ሜዳ ላይ ምንም የሚያውከው ነገር የለ፣ መገላበጥ አልነበረበትም?

ቁጥር አፍቃሪ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ብሉቱዝ የሚሠራበት 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ውኃ ላይ ይደክማል፤ ሰውነታችን ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስልክሽ የኋላ ኪስ ውስጥ ከሆነ ሞገዱ አንቺን አልፎ ጆሮሽ መድረስ አለበት። ቤት ውስጥ ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረ ዞሮ ይደርስልሻል። ሜዳ ላይ የሚያነጥረው የለም። ስልኩን ወደ ፊት ኪስ ወይም ወደ ላይኛው ኪስ አምጪው።

ሽቦ ጠል፦
ሞከርኩት። ቀጥ አለ። ኤርፎኑን ስረግመው ከርሜያለሁ።

ሽበት፦
ልጆች፣ ሁሉንም አነበብኩ። ገመድ ያለውና የሌለው እያላችሁ ትጣላላችሁ እንጂ ጎማውን የሚያነሳ ጠፋ። አንድ አለች ሯጯ፣ እሷም ሳታስበው።

ልብ በሉ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ባሱ የሚኖረው ቀዳዳው ከተደፈነ ብቻ ነው። በትንሽ ስንጥቅ በኩል ባሱ ይወጣል፣ የሚቀረው ቆርቆሮ ነው። ማሸጊያው ውስጥ ሦስት መጠን ጎማ ይሰጣሉ። አብዛኛው ሰው የተገጠመውን መካከለኛውን ይዞ ይኖራል፣ ሌሎቹን ከካርቶኑ ጋር ይጥላል። የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳም አንድ ልክ ላይሆን ይችላል። እኔ በግራ ትልቁን፣ በቀኝ መካከለኛውን ነው የማደርገው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ባስ ያለው ዘፈን ክፈት። ኤርፎኑን በጣትህ ቀስ አድርገህ ወደ ውስጥ ጫን። ባሱ ድንገት ከጨመረ ጎማህ አልደፈነም፤ ወደሚቀጥለው መጠን ሂድ። ምንም ካልተለወጠ ልክህ ነው። በደንብ ገብቶ እያመመህ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ነው፤ ከሲሊኮኑ ይልቅ ስፖንጁን ሞክር። ስፖንጁን በጣትህ አድቅቀህ ታስገባዋለህ፣ ውስጥ ሲሆን ይነፋል። ግን ቶሎ ያረጃል።

ሌላው ጥቅሙ ጆሮህ ከተደፈነ ድምፁን አታስጮኸውም። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመርክ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10። አውቶቡስ ውስጥ ሞተሩን ለማሸነፍ እስከ ጥግ የከፈተ ልጅ የሳምንቱን ድርሻ በጥቂት ቀን መንገድ ይጨርሳል። እኔ ወጣት ሆኜ የነገረኝ አልነበረም። አሁን ወፍ ስትጮህ ማየት እንጂ መስማት ቀርቶብኛል።

ግራ የገባው፣ አንተን አንድ ልጠይቅህ። ግራው የሞተው ኤርፎኑ መሆኑን በምን አወቅህ? ባለ ገመዱን አገላብጠህ ሞክር፤ የግራውን ወደ ቀኝ ጆሮ፣ የቀኙን ወደ ግራ። ዝቅ ያለው ድምፅ ከኤርፎኑ ጋር ከዞረ ኤርፎኑ ነው። ግራ ጆሮህ ላይ ከቀረ ግን ጆሮህ ነውና ሐኪም ዘንድ ሂድ። ራስህ ጥጥ ጨምረህ እንዳትቆፍረው፣ ኩኩን ወደ ውስጥ ነው የምትገፋው።

ባለ ገመድ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ እኔ ማፈር አለብኝ። ጎማውን ረስቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከማገላበጡም በፊት ስልኩ ውስጥ ተደራሽነት የሚለው ቅንብር ውስጥ የግራና የቀኝ ሚዛን መስመር አለ። በስህተት ተነክቶ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሆኖ ሰው ኤርፎን ሲቀያይር አይቻለሁ። በተለይ ስልኩን ሕፃን ከነካው።

ግራ የገባው ደግሞ ስልክ ስታወራ ሁለቱንም ነው የምታደርገው ወይስ አንዱን?

ግራ የገባው፦
አንዱን። የግራውን። ቀኙን አውጥቼ፣ ቢሮ ሰው ሲጠራኝ እንድሰማ። ምነው?

ባለ ገመድ፦
እንግዲህ ገዳዩ ተገኘ።

የብሉቱዙ ባትሪ ስንት መሰለህ? ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሚሊ አምፒር ሰዓት። የስልክህ ባትሪ የዚህ መቶ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ሙሉ ዙር ከሞላህና ካወጣህ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፣ ከዚያ ቁልቁል ነው። አንተ የግራውን ለስልክም ለዘፈንም፣ ቀኙን ለዘፈን ብቻ ታስለፋለህ። ግራው ቀድሞ ያረጃል። ግራው ውስጥ የሚገባው ኩክም ላብም ብዙ ነው። ባለ ገመዶቹም ላይ ያው ነው። በል ሦስቱን ሟቾች አውጣና እንመርምር። አንደኛውን ተወው፣ ሽቦው ተበጥሷል።

ሬሳ ምርመራ እንዲህ ይደረጋል። ጎማውን አውልቅ። ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ስልክህን አብርተህ እያት። ቀዳዳዎቹ ይታያሉ ወይስ ቢጫ ሆነው ተለስነዋል? ከተለሰኑ ኤርፎኑን አፉን ወደ ታች ዘቅዝቀው፤ የሚወድቀው ወደ ውጭ ይውደቅ። በደረቅና ለስላሳ ጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርገህ ጥረግ። መርፌ እንዳታስገባ። ከወንፊቷ ጀርባ ስፒከሩ ነው ያለው። ውኃም እንዳታስነካ። ጎማውን ግን በሳሙና እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ።

ለሦስተኛው፣ ኬዙ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ነጥቦችና ኤርፎኑ ላይ ያሉትን፣ በትንሽ አልኮል በረጠበ የጆሮ ጥጥ ጥረግ። ጥጡን ጨምቀህ። ኤርፎኑ ኬዙ ውስጥ የሚገባው ደርቆ ነው።

እሳት የላሰው፦
ይሄ ሁሉ ሳያስፈልግ አዲስ ኤርፎን መቶ ሰዓት ካጫወታችሁት ድምፁ ይከፈታል። እኔ ሁሌ ሌሊት ሌሊት አስሮጠዋለሁ።

ቁጥር አፍቃሪ፦
ወንድሜ፣ የሚለመደው በአብዛኛው ጆሮህ ነው። መቶ ሰዓት ሳትጠብቅ ጎማውን ቀይር።

ይልቅ ሁለት ኤርፎን ስታወዳድር ድምፃቸውን እኩል አድርግ። ጆሮ ከፍ ያለውን ጥሩ ነው ብሎ ይወስዳል፤ ሻጮችም ይሄን ያውቃሉ። የዜና አንባቢ ድምፅ ክፈትና ሰን፣ ሸን፣ ጸን አዳምጥ። ጆሮህን የሚወጋ ከሆነ ለረጅም ፖድካስት አይሆንህም፤ ባሱ ቢያስጨፍርህም። ርካሾች ላይ ባሱንና ቀጭኑን ከፍ አድርገው መሀሉን ማጉደል የተለመደ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ ያስደንቃል፣ ሰው ሲያወራ ግን ከበር ጀርባ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ጌም ለሚጫወትስ? ብሉቱዝ ይዘገያል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቁጥር አፍቃሪ፦
ይዘገያል። ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሴኮንድ። ፊልም ላይ ማጫወቻው ምስሉን አዘግይቶ ያመሳስልልሃል፣ አታውቀውም። ጌም ላይ ግን ተኩሱ የሚሰማህ ከሞትክ በኋላ ነው። «የጌም ሞድ» ያላቸው ይቀንሱታል። ገመድ ግን ይሄን ጥያቄ አያውቀውም።

የማታ ተረኛ፦
ገመድ ሌላም የማይነሳለት ነገር አለው። ሬዲዮ ያለው ስልክ ላይ ገመዱ ራሱ አንቴና ነው። መብራትም ኢንተርኔትም ጠፍቶ ዜና የሰማሁት በእሱ ነው።

ግራ የገባው፦
ተመልሻለሁ። ትናንት ማታ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቼ ሦስቱንም ደርድሬ ጀመርኩ።

ሁለተኛው፣ ያ ጎረቤት ሬዲዮ። ጋሼ እንዳሉት አገላበጥኩት። ዝቅ ያለው ድምፅ ከኤርፎኑ ጋር ዞረ፣ ጆሮዬ ደህና ነው፣ ተመስገን። ጎማውን አውልቄ የወንፊቷን ሁኔታ አልነግራችሁም፣ ምግብ እየበላችሁ ሊሆን ይችላል። የቀኙ ቀዳዳዎች ይቆጠራሉ። የግራው አንድም አይታይም። ዘቅዝቄ ጠረግኩ። ወረቀቱ ላይ የወደቀውን አይቼ እናቴ ልጅ ሳለሁ ጆሮዬን ስትጎትተኝ ትክክል ነበረች አልኩ። ሰካሁት። ሁለቱ እኩል። እኩል ስላችሁ እኩል! ስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ «ሞቶ» ነበር።

አራተኛው፣ ቆርቆሮው። ወንፊቱ ትንሽ ተዘግቶ ነበር፣ ጠረግኩት፣ ትንሽ ተሻለ። ከዚያ በጣቴ ጫን አደረግኩት። ባሱ ዘለለ! ካርቶኑን አልጣልኩትም ነበር፤ ትልቁን ጎማ ለግራው አደረግኩለት። አለቀ። ግን እኮ መጀመሪያ ሲገዛ ደህና ነበር። ቆይቼ ሳስብ የግራው ጎማ አንድ ቀን ወድቆብኝ ከሌላ ኤርፎን ያገኘሁትን ትንሹን አድርጌበት ነበር። ቆርቆሮነቱም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሦስተኛው ግማሽ ነው። ነጥቦቹን ስጠርግ ጥጡ ጠቆረ። አሁን ቻርጅ ይይዛል፣ መቶ ይላል። ግን ቀኙ አራት ሰዓት ሲሄድ ግራው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ «ባትሪ ዝቅተኛ» ብሎ ይሰናበታል። እሱ ባትሪው አርጅቷል ማለት ነው?

ባለ ገመድ፦
አዎ፣ እሱ ሽማግሌ ነው። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ተጣብቆ ነው የሚገጠመው፤ ሰፋ ባለ ጥገና እንጂ በቤት የሚቀየር አይደለም። እኔ ብየዳ እወዳለሁ፣ እሱን ግን አልነካም፤ ሊትየም ባትሪ ከተወጋ ይቀጣጠላል። ቀኙን ለስልክ ማውሪያ አድርገው፣ በአንድ በኩል ብቻ ይሠራል።

አንደኛውን ደግሞ ከፒኑ ስር ቆርጠህ አዲስ ፒን መበየድ ይቻላል። ትርፉ አዲስ ከመግዛት ያንሳል፤ ለመማር ካልፈለግክ ጣለው። ከእንግዲህ ግን ገመዱን ስልኩ ላይ አትጠምጥም። የሚበጠሰው ሁለት ቦታ ነው፤ ፒኑ ስርና ገመዱ ለሁለት የሚከፈልበት። ፒኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ኪስ ውስጥ ይታጠፋል፤ እንደ ክርን የታጠፈውን ፒን ምረጥ። ስትነቅልም ፒኑን ይዘህ እንጂ ገመዱን ጎትተህ አይደለም።

ሽቦ ጠል፦
እና የቱን ልትገዛ ነው በመጨረሻ? ከሁለቱ አንዳችን ማሸነፍ አለብን።

ግራ የገባው፦
ምንም አልገዛም። ሁለተኛው ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፣ ለስብሰባና ለፊልም። አራተኛው ለመንገድ። አንድ ነገር ግን አስተካከልኩ፤ ስልክ ሳወራ ሳምንት በግራ፣ ሳምንት በቀኝ ሆኗል። ዛሬ ቀኝ ነው። የለመደ እጄ ሁለቴ ወደ ግራ ሄዶብኛል።

ሽበት፦
ጎበዝ። ብሩሹን ግን ከጥርስ ብሩሽህ ጋር አንድ ኩባያ ውስጥ አታስቀምጠው።

ግራ የገባው፦
ጋሼ... አሁን ነው የሚነግሩኝ?